ሀገር አቀፍ የራግቢ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመር ላሰባችሁ፦ ቅዳሜ ጨዋታው እንዲካሄድ ምን ምን ያስፈልጋል

ሀገር አቀፍ የክለቦች ውድድር እናቋቁም ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚነሳው ሁሌም ሎጎ ነው፣ ቀጥሎ ዋንጫው ምን ይምሰል፣ ቀጥሎ ቲቪ ያስተላልፍልናል ወይ። እኔ ለተወሰኑ ዓመታት ፕሮግራም አውጪ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ያየሁት ነገር ቢኖር ውድድር የሚሞተው ሎጎው ስላላማረ ሳይሆን ጨዋታ ስለማይካሄድ ነው። አንዱ ቡድን ፕሮፕ (ከፊት መስመር ሆኖ የሚገፋው ተጫዋች) አጥቶ ይቀራል፣ አንዱ የአውቶቡስ ብር ያጣል፣ አንዱ ጋ ዳኛ አይመጣም፣ ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል ሰንጠረዡን ስታዩት ግማሹ 11 ጨዋታ የተጫወተ ግማሹ 7፣ ከዛ በኋላ ሻምፒዮኑ እገሌ ነው ብትሉ ማን ያምናችኋል። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በእጃችሁ ያዙ፣ ይሄ ውሳኔ የቅዳሜው ጨዋታ እንዲካሄድ ይረዳል ወይስ አይረዳም?

ሌላው፣ እዚህ የማወራው ስለ ባለ 15ቱ ራግቢ ነው፣ ራግቢ ዩኒየን የሚባለው። «ራግቢ ሊግ» የሚባለው ባለ 13 ሌላ ስፖርት ነው፣ በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተጫዋቾቻችን ከስራ ለቀሩበት ቀን ካሳ እንክፈላቸው ብለው ከእንግሊዝ ራግቢ ማህበር ጋር ተጣልተው ሲወጡ የተፈጠረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ውድድራችሁን «የራግቢ ሊግ» ብላችሁ ከሰየማችሁት እድሜ ልካችሁን ስታብራሩ ነው የምትኖሩት፣ ሻምፒዮና ወይ ፕሪሚየር ምናምን በሉትና ተገላገሉ።

ደረጃ 1፦ ያሉትን ክለቦች ቁጠሩ፣ የሌሉትን አትፍጠሩ

ወረቀት ላይ ያለ ክለብና ሜዳ ላይ ያለ ክለብ ለየቅል ናቸው። ጎግል ፎርም ሰርታችሁ ለሁሉም ላኩና ባለፉት 12 ወራት ስንት የ15 ለ15 ጨዋታ ተጫወታችሁ፣ ልምምድ ላይ በአማካይ ስንት ሰው ይመጣል (የተመዘገበው አይደለም፣ የሚመጣው)፣ ስንት ፕሮፕ ስንት ሁከር (በሁለቱ ፕሮፖች መሀል የሚቆመው) አላችሁ፣ ሜዳው የማን ነው፣ የወጣት ቡድን አለ ወይ፣ የክለቡን ብር የሚይዘው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ከዛ መልሱን ብቻ አትመኑ፣ ሰው ላኩና ማክሰኞ ማታ ልምምድ ላይ ይቁጠር። 45 ተጫዋች አለን ያለ ክለብ ጋ ሄዳችሁ 17 ሰው ብታገኙ አይግረማችሁ።

ልምምድ ላይ 18 ሰው የሚመጣለት ክለብ ሙሉ ሲዝን አይጨርስም። ራግቢ ላይ በየሳምንቱ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም፣ አንዱ ደግሞ ሰርግ ይኖርበታል፣ አንዱ ፈተና፣ አንዱ የስራ ሺፍት፣ በአምስተኛው ሳምንት 14 ሰው ይዘው ይመጡና ስድስተኛው ላይ ጭራሽ አይመጡም። የኔ መስፈርት ወደ 30 የሚጠጋ በትክክል የሚመጣ ተጫዋች ነው። ከዛ በታች የሆነ ክለብ በሴቨንስ (ባለ 7) ወይ በባለ 10 ውድድር ይቆይ፣ ይሄ ደግሞ ውርደት አይደለም፣ እንደውም ለሱ የተለየ ውድድር በጎን አዘጋጁለት ምክንያቱም የነገ ስምንተኛ ክለባችሁ እሱ ነው።

አዲስ ክለብ መፍጠር ለምን አይሰራም ለሚል አውስትራሊያን ማየት ይበቃል። በ2007 ስምንት አዳዲስ ቡድኖች ተፈጥረው የአውስትራሊያ ራግቢ ሻምፒዮንሺፕ ተጀመረ፣ ወደ 4.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ከሰረና በአንድ ሲዝን ተዘጋ። በ2014 በሌላ ስም በዘጠኝ ቡድን ሞከሩት፣ እሱም 2019 የመጨረሻው ሆነ። ሲድኒ ውስጥ ግን የሰፈር ክለቦቹ ሹት ሺልድ የሚባለውን ውድድር ከ1923 ጀምሮ እየተጫወቱበት ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚያየው አባቱ የተጫወተበትን ማሊያ ነው እንጂ ማስታወቂያ ድርጅት ያወጣውን ስም አይደለም።

ትንሽ ሆኖ መጀመርም አያሳፍርም። የፈረንሳይ ሻምፒዮና ዛሬ ቶፕ 14 ተብሎ ዓለም የሚያየው፣ በ1892 ሲጀመር ሁለት የፓሪስ ክለቦች የተጫወቱት አንድ ጨዋታ ነበር በቃ፣ ራሲንግ ስታድ ፍራንሴን 4 ለ 3 አሸነፈ፣ ዳኛው ደግሞ ያው የኦሎምፒኩ ፒየር ደ ኩበርታ ነበር። ከፓሪስ ውጪ ያሉ ክለቦች የገቡት በ1899 ነው፣ ገቡና በመጀመሪያው ዓመት ስታድ ቦርዶሌ ዋንጫውን ይዞ ወደ ቦርዶ ሄደ።

ደረጃ 2፦ ፎርማቱን ከመምረጣችሁ በፊት ሂሳቡን ስሩ

ሁሉም ከሁሉም ደርሶ መልስ የሚጫወትበት ከሆነ የጨዋታው ብዛት የቡድኑ ቁጥር ሲባዛ ከሱ አንድ በሚያንሰው ቁጥር ነው። 8 ቡድን ከሆነ 8 ሲባዛ 7፣ 56 ጨዋታ በ14 ሳምንት። 10 ቡድን 90 ጨዋታ በ18 ሳምንት። 12 ቡድን 132 ጨዋታ በ22 ሳምንት። ቁጥሩ እንዴት እንደሚዘል አያችሁ? ሁለት ቡድን ብቻ እንጨምር ተብሎ በስብሰባ ላይ በጭብጨባ የሚያልፈው ነገር 34 ተጨማሪ ጨዋታ ነው፣ 34 ዳኛ፣ 34 አምቡላንስ፣ 34 የአውቶቡስ ጉዞ።

ሀገሩ ሰፊ ከሆነና መንገዱ ረጅም ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት የምመክረው በዞን መክፈል ነው፣ ስድስት ስድስት ቡድን በሁለት ዞን፣ እያንዳንዱ ዞን ውስጥ ደርሶ መልስ 10 ሳምንት፣ ከዛ የዞን ሀ አንደኛ ከዞን ለ ሁለተኛ ጋር፣ የዞን ለ አንደኛ ከዞን ሀ ሁለተኛ ጋር ግማሽ ፍፃሜ፣ ከዛ ፍፃሜ። ጠቅላላው 60 ጨዋታ በዞን፣ 3 ደግሞ በጥሎ ማለፍ። ረጅም ጉዞ የሚኖረው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚጓዘው ጓጉቶ ነው።

ከታች የቀሩት ቡድኖችስ? ብዙ ሰው የሚረሳው እዚህ ጋ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ላይ ምንም ተስፋ የሌለው ቡድን ነው ፎርፌ የሚሰጠው። ኒውዚላንድ በ2006 የጀመረችው የሃርትላንድ ውድድር (የክለብ ሳይሆን የክፍለ ሀገር ነው ግን ሀሳቡ ይሰራል) 12ቱን ቡድን መጀመሪያ ያጫውትና ከላይ ያሉት አራቱ ሚድስ ካፕ ለሚባለው ዋንጫ፣ ቀጥለው ያሉት አራቱ ደግሞ ሎቾር ካፕ ለሚባለው እንዲጫወቱ ያደርጋል። አምስተኛ መሆንና ዘጠነኛ መሆን ልዩነት አለው ማለት ነው፣ ዋንጫው ርካሽ ይሁን ግድ የለም ብቻ ይኑር።

ፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ የሚደረግ ጥሎ ማለፍ) ይኑር ወይስ አንደኛ የወጣው በቃ ሻምፒዮን ይሁን የሚለው ክርክር አያልቅም። እንግሊዝ ውስጥ በ2002/03 ግሎስተር ሲዝኑን በ15 ነጥብ ልዩነት አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ከዛ በፍፃሜው በዋስፕስ 39 ለ 3 ተደፋ። የግሎስተር ሰው እስከዛሬ ይንገበገባል። እኔ ግን ለአዲስ ውድድር ፕሌይኦፍ ይኑር ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ፍፃሜ የሚባል አንድ ቀን ከሌለ ስፖንሰር ምን ላይ ስሙን ይለጥፋል፣ ብቻ አንደኛ ለወጣው በሜዳው የመጫወት መብት ስጡት እንጂ ሲዝኑን ሙሉ ለፍቶ ገለልተኛ ሜዳ ላይ አትውሰዱት።

ደረጃ 3፦ ካላንደሩ፣ ይሄን ደረጃ በችኮላ አትለፉት

በ1987 የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር የመጀመሪያው ሲዝን ላይ የጨዋታ ቀን አልተቆረጠም ነበር፣ ክለቦቹ እርስ በርስ ተስማምተው ቀን እንዲይዙ ነበር የተባለው። ለምን ቢባል ክለቦቹ የቆየ የወዳጅነት ጨዋታ ካላንደር ነበራቸው፣ ያንን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም፣ ማህበሩም ሊግ የሚባለው ነገር ጠብና ገንዘብ ያመጣል ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲሸሸው ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ሁሉም እኩል አልተጫወተም። ስኮትላንድ ቀድማ በ1973 ነው የጀመረችው፣ ሃዊክ የሚባል የአንድ ትንሽ ከተማ ክለብ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ። ከትልቅ ከተማ ውጪ ያለ ክለብ ጠንካራ ካላንደር ካገኘ ምን እንደሚሰራ ያሳያል።

ቀን የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ፣ ክለቦቹ አይደሉም። አሰራሩ እንዲህ ነው። ስምንት ቡድን ካለ እጣ አውጡና ከ1 እስከ 8 ቁጥር ስጧቸው። ከላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ጻፉ፣ ከስር ደግሞ በተቃራኒ 8፣ 7፣ 6፣ 5። ፊት ለፊት ያሉት ይጫወታሉ፣ ማለትም 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5። ይሄ አንደኛ ሳምንት ነው። ለሁለተኛ ሳምንት 1 ቁጥርን አትንኩት፣ ሌሎቹን ሁሉ በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ አዙሯቸው፣ ከላይ 1፣ 8፣ 2፣ 3 ከስር 7፣ 6፣ 5፣ 4 ይሆናል፣ ስለዚህ 1 ከ7፣ 8 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። እንደገና አዙሩ፣ ሶስተኛ ሳምንት 1 ከ6፣ 7 ከ5፣ 8 ከ4፣ 2 ከ3። ሰባት ሳምንት እንዲህ ካዞራችሁ ሁሉም ከሁሉም ተገናኝቷል። ሁለተኛው ዙር ያው ነው ሜዳው ብቻ ይገለበጣል። ቡድኑ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ አንድ የውሸት ቡድን ጨምሩ፣ ከሱ ጋር የተገናኘ ያን ሳምንት ያርፋል። ከዛ ኤክሴል ላይ እያንዳንዱ ቡድን ስንት ጊዜ ተከታትሎ ከሜዳው ውጪ እንደሚጫወት እዩ፣ ከሁለት ከበለጠ አስተካክሉ፣ ሶስት ጊዜ ተከታትሎ የተጓዘ ክለብ አራተኛው ላይ ነው የሚቀረው።

በየአራት ወይ አምስት ሳምንቱ አንድ ባዶ ቅዳሜ ተዉ፣ ለተስተካካይ ጨዋታ። ይሄን ባዶ ቅዳሜ ለማንም እንዳትሰጡ፣ ብሄራዊ ቡድን ዝግጅት አለኝ ይላል፣ ሴቨንስ ውድድር አለ ይባላል፣ የነሱን ቀን ከመጀመሪያው ጠይቃችሁ ካላንደሩ ውስጥ አስገቡት እንጂ ከተስተካካይ ቀን ላይ አይቆረስም። ዝናብ ወቅት ላይ ሜዳው የሚሰምጥባችሁ ከሆነ ሲዝኑን ከዛ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ተስተካካዮቹን ሁሉ ወደ መጨረሻ እየገፋችሁ በአንድ ሳምንት ሶስት ጨዋታ ማጫወት እግር ኳስ ላይም ከባድ ነው፣ ራግቢ ላይ ግን በፍፁም አይሆንም፣ በጨዋታና በጨዋታ መሀል አንድ ሳምንት ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ደንቡን የመጀመሪያው ኳስ ሳይመታ ጻፉ

የጨዋታውን ህግ እናንተ አታወጡም፣ እሱ የወርልድ ራግቢ (የዓለም ራግቢ ማህበር) ነው። የናንተ የውድድር ደንብ ነው። አብዛኛው ሀገር የሚጠቀመው ነጥብ አሰጣጥ ማሸነፍ 4፣ አቻ 2፣ መሸነፍ 0፣ ከዛ አራት ትራይና (ትራይ ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት ነው፣ 5 ነጥብ) ከዛ በላይ ላስቆጠረ 1 ቦነስ፣ በ7 ነጥብ ወይ ከዛ ባነሰ ለተሸነፈ ሌላ 1 ቦነስ። ፈረንሳዮች ትንሽ ያጠብቁታል፣ የትራይ ቦነስ የሚያገኘው ከተጋጣሚው በሶስት ትራይ የበለጠ ነው፣ የመሸነፍ ቦነሱም በ5 ነጥብ ነው።

ለምን ቦነስ እንደሚያስፈልግ በአንድ ጨዋታ ላሳያችሁ። ሀ ቡድን 27 ለ 24 አሸነፈ እንበል፣ ሶስት ትራይ ከነኮንቨርዥኑ (ከትራይ በኋላ ወደ ፖሉ የሚመታው፣ 2 ነጥብ) 21፣ እና ሁለት ፔናልቲ (እያንዳንዱ 3) 6። ለ ቡድን አራት ትራይ (20) እና ሁለት ኮንቨርዥን (4)። ሀ 4 ነጥብ ያገኛል፣ ለ ደግሞ ተሸንፎም 2 ነጥብ፣ አንዱ ለአራት ትራዩ አንዱ በ3 ነጥብ ስለተሸነፈ። እና ይሄ ቡድን 70ኛው ደቂቃ ላይ በ10 ነጥብ ወደኋላ ቢቀርም እጁን አይሰጥም፣ አምቡላንሱ አጠገብ ተቀምጦ ሰዓት የሚያይ ተጠባባቂም አይኖርም፣ ሁሉም ያቺን አንድ ነጥብ ይፈልጋታል። ደካማ ቡድኖች ከሜዳቸው ውጪ ሄደው ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ የሚያደርግ ነገር ስለሆነ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

እኩል ነጥብ ሲሆን ምን ይታያል የሚለውን በቅደም ተከተል ጻፉት፣ ያሸነፉት ብዛት፣ የነጥብ ልዩነት፣ የትራይ ብዛት፣ እርስ በርስ የነበረው ውጤት፣ የፈለጋችሁትን ቅደም ተከተል ምረጡ ብቻ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይጻፍ፣ ሚያዝያ ላይ ስብሰባ ጠርታችሁ ብትወስኑት አንደኛው ክለብ ተጎዳሁ ማለቱ አይቀርም። ፎርፌ ለሰጠ ቡድን ተጋጣሚው 5 ነጥብ ከነቦነሱ ያግኝ፣ የሰጠው ክለብ የዳኛውንና የሜዳውን ወጪ ይክፈል፣ ሁለት ጊዜ ከደገመ ከውድድር ይውጣና ውጤቶቹ እንዴት እንደሚሰረዙም ይጻፍ። ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) ሳይኖረው የተሰለፈ ተጫዋች ካለስ? ዝውውር መቼ ይዘጋል? የውጪ ተጫዋች ስንት? አንድ አንድ መስመር ይበቃል ብቻ አይቅር። በተለይ የምዝገባው መዝጊያ ከፕሌይኦፉ ቢያንስ አንድ ወር መቅደም አለበት፣ አለበለዚያ ለግማሽ ፍፃሜ ብቻ ተብሎ ሶስት ግዙፍ ሰዎች ከየት መጡ ሳይባል ሊመጡ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ፍሮንት ሮው

እግር ኳስ አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ሰዎች ይሄ ላይ ነው የምትሰናከሉት። ስክረም (የሁለቱ ቡድን ሰዎች ተያይዘው ጎንበስ ብለው ለኳሱ የሚገፋፉበት) ውስጥ ከፊት ያሉት ሶስቱ፣ ሁለቱ ፕሮፕና ሁከሩ፣ ፍሮንት ሮው የሚባሉት፣ ማንም ተነስቶ የሚተካቸው አይደሉም፣ ያልሰለጠነ ሰው እዛ ብታስገቡ አንገቱ ነው የሚጎዳው። ህጉ ራሱ ይቆጥራል፣ 15 ተጫዋች ይዞ የመጣ ቡድን ሶስት፣ ከ16 እስከ 18 ይዞ የመጣ አራት፣ ከ19 እስከ 22 አምስት፣ 23 ይዞ የመጣ ስድስት ፍሮንት ሮው መጫወት የሚችል ሰው ሊኖረው ይገባል። ተጎድተው ካለቁ ስክረሙ ሳይገፋፉ የሚደረግ ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ የማልረሳው አለ። እንግዳው ቡድን 19 ሰው ይዞ መጣ፣ ዝርዝሩ ላይ አምስት ፍሮንት ሮው ተጽፏል፣ ዳኛው አንድ በአንድ ጠርቶ መጠየቅ ጀመረ፣ «ፕሮፕ ተጫውተህ ታውቃለህ?» ሲለው አንዱ ቀጭን ልጅ ዞር ብሎ አሰልጣኙን አየው። አሰልጣኙ በጭንቅላቱ አዎ በል አለው። ዳኛው ሁለቱንም አያቸውና እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዘው። ጨዋታው በማይገፋ ስክረም ተጀመረ፣ ስክረሙ ላይ ተማምኖ የመጣው ባለሜዳው ቡድን በሰባት ነጥብ ተሸነፈ፣ ከዛ በኋላ የመጣውን የይግባኝ ደብዳቤ ብዛት አልነግራችሁም። ጥፋቱ የኛ ነበር፣ ደንባችን ላይ ስክረሙ እንዳይገፋ ያደረገው ቡድን ምን ይቀጣል የሚል ነገር የለም። አሁን የምመክረው ይሄ ነው፣ ስክረሙ በእጥረት ምክንያት እንዳይገፋ ያደረገው ቡድን አንድ ሰው ቀንሶ ይጫወት፣ ከጨዋታው በፊትም ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ፍሮንት ሮው ስም ጎን የትኛውን ቦታ እንደሚችል ይጻፍ፣ አሰልጣኙም ይፈርምበት። ከሲዝኑ በፊት ደግሞ የሁሉም ክለብ ፕሮፖችና ሁከሮች አንድ ቦታ ተሰብስበው የሁለት ቀን የስክረም ስልጠና ይውሰዱ፣ ከምታወጡት ብር ሁሉ ይሄኛው ነው ብዙ ጨዋታ የሚያድንላችሁ።

ደረጃ 6፦ ዳኛ፣ ህክምና፣ ሜዳ

ቅዳሜ አራት ጨዋታ ካለ አራት ዳኛ አይበቃም፣ ስድስት ያስፈልጋል፣ አንዱ ይታመማል አንዱ ስራ ይገባል። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ሁለት ሰው ለዳኝነት ስልጠና እንዲልክ በደንብ አስገድዱ፣ ያልላከ ክለብ ምዝገባው አይፀድቅም። ያቆሙ ተጫዋቾች ናቸው ጥሩ ዳኛ የሚሆኑት፣ ጉልበታቸው አልቆ ራግቢ መተው የማይችሉ ሰዎች በየክለቡ ሞልተዋል። አበላቸውን ክለቡ በእጁ አይስጣቸው፣ በውድድሩ አካውንት ይከፈል፣ ባለሜዳው ክለብ ከጨዋታ በፊት ፖስታ ይዞ ዳኛው ጋ ሲሄድ ንፁህ ቢሆንም አያምርም።

ህክምና ላይ ከላይ ያልኩትን ሁሉ እገለብጣለሁ። ጨዋታ መካሄድ አለበት እያልኩ ነው የመጣሁት፣ ግን የሰለጠነ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ፣ ቃሬዛና ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪና ከሌለ ጨዋታው አይጀመርም፣ ዳኛው የመሰረዝ ስልጣን ይኑረው፣ ባለሜዳውም ፎርፌ ይሁንበት። አንድ ሁለት ጊዜ ሲቀጡ መኪናው ይገኛል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) የተጠረጠረ ተጫዋች በዛ ቀን አይመለስም። ቲቪ ላይ ወጥተው ተመርምረው ሲመለሱ የምታዩት ፈቃድ ባለው ትልቅ ውድድርና በሰለጠነ ዶክተር ብቻ የሚደረግ ነገር ነው፣ እናንተ ጋ የለም። የወርልድ ራግቢ መመሪያ ከ2023 ጀምሮ በአማተር ደረጃ ቢያንስ 21 ቀን ከጨዋታ ውጪ ይላል። ይሄን ለአሰልጣኙ ህሊና አትተዉት፣ የተጫዋቹን ቴሴራ በሲስተማችሁ ላይ ለ21 ቀን ዝጉት፣ በቃ። ወርልድ ራግቢ ለመጀመሪያ እርዳታም ለጉዳት መከላከያ ማሟሟቂያም (አክቲቬት ይሉታል) ነፃ የኦንላይን ኮርስ አለው፣ የእያንዳንዱ ክለብ አሰልጣኝ ሰርተፊኬቱን ሳያስገባ አይመዝገብ።

ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የእግር ኳስ ሜዳ ነው። የራግቢው ከትራይ መስመር እስከ ትራይ መስመር ከ94 እስከ 100 ሜትር ርዝመት፣ ከ68 እስከ 70 ሜትር ስፋት ነው፣ ከዛ በየጫፉ ትራይ የሚቆጠርበት ቢያንስ 6 ሜትር ይጨመራል። ትንሹን ብትወስዱ 94 ሲደመር 12፣ 106። 105 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ በአንድ ሜትር ያንሳል ማለት ነው፣ ይሄን ማህበሩ ፈቅዶ ማስተካከል ይችላል፣ ብቻ ከመስመሩ ባሻገር አጥር ወይ የብረት ሰሌዳ ካለ እሱ ነው የሚያሳስበው። ፖሉ (የጎሉ ቋሚዎች) መሀሉ 5.6 ሜትር፣ አግዳሚው ከመሬት 3 ሜትር። የሚነቀል ፖል በብየዳ ቤት ይሰራል፣ ዙሪያውን ግን ስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ሰው ሮጦ ይጋጭበታል።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ

ትልልቆቹ እንኳን ይወድቃሉ። በእንግሊዝ ፕሪሚየርሺፕ ዎስተርና ዋስፕስ በ2022፣ ለንደን አይሪሽ በ2023 ከስረው ከውድድሩ ወጡ፣ ዋስፕስ የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። ሳራሰንስ ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ አልፈሃል ተብሎ በ2019 ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከነ35 ነጥብ ቅነሳው ተቀጣ፣ መጨረሻ ላይ ወረደ። እናንተ ጋ ለተጫዋች የሚከፈል ገንዘብ ከሌለ እሰየው፣ መጀመሪያ ላይ አይኑርም፣ ከተጀመረ ግን ጣሪያውን አንድ ክለብ ሳያብድ በፊት አስቀምጡ።

የአዲስ ውድድር ትልቁ ወጪ ጉዞ ነው። እንበል ሶስት ክለቦች አሉ፣ በሲዝኑ አንዱ 4,000 ኪሎሜትር ይጓዛል፣ አንዱ 2,500፣ መሀል ላይ ያለው 1,000። ድምሩ 7,500፣ ለሶስት ሲካፈል 2,500 ነው። ሁሉም የ2,500 ኪሎሜትር ዋጋ ወደ አንድ የጉዞ ፈንድ ያስገባል፣ ፈንዱ ደግሞ ለእያንዳንዱ በተጓዘው ልክ ይከፍላል። መሀል ላይ ያለው ክለብ ይጮሃል፣ እኛ ለምን የሌላውን አውቶቡስ እንከፍላለን ይላል። መልሱ ሩቅ ያለው ክለብ ከቀረ አንተም ተጋጣሚ የለህም ነው። ይሄን ያላሳመናችሁበት ስብሰባ አልቋል አትበሉ።

ስፖንሰር ስትሄዱ በኛ ውድድር ላይ ሎጎህን እናወጣለን ብላችሁ አትጀምሩ። 56 ጨዋታ አቅደን 55 አካሂደናል፣ ውጤቱ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ላይ ወጥቷል፣ እያንዳንዱን ጨዋታ ይሄን ያህል ሰው አይቶታል ብላችሁ ሂዱ። ለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያለ ስፖንሰር መጫወት ሊኖርባችሁ ይችላል። ላይቭስትሪም በአንድ ጥሩ ስልክና በትራይፖድ ይበቃል፣ ድምፁን ግን አደራ፣ ንፋስ ብቻ የሚሰማበት ስርጭት ማንም አይከታተልም።

ደረጃ 8፦ ዲሲፕሊን

ቀይ ካርድ ካለ ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይታይ፣ የሚያዩት ሶስት ሰዎች ከሚጫወቱት ክለቦች ያልሆኑ ይሁኑ፣ ይግባኝ አንድ ጊዜ ብቻ። ማህበሩ ፕሬዚዳንት ጋ ስልክ ተደውሎ ቅጣት የሚነሳ ከሆነ ኮሚቴውን አፍርሱት ምንም አይሰራም። ይሄ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ በ1931 የብሪታንያና የአየርላንድ ማህበራት ከፈረንሳይ ጋር ግንኙነት ያቋረጡት በክለብ ሻምፒዮናው ውስጥ ባለው ጠብና በስውር ክፍያ ምክንያት ነው፣ የክለብ ጨዋታ ብሄራዊ ቡድኑን ከውድድር አስወጣ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛው ዓመት

ወደታች መውረድና ወደላይ ማደግ የሚባለውን ከመጀመሪያው ዓመት አታድርጉ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን በእግሩ ሳይቆም ቡድን ብታወርዱ ወዴት ነው የሚወርደው? ሲጀመርም ቀጥታ መውረድ ሳይሆን የላይኛው የመጨረሻና የታችኛው አንደኛ ደርሶ መልስ ይጫወቱ። አየርላንድ በ1990 ሲጀምሩ ከመነሻው ሁለት ዲቪዚዮን ነበራቸው፣ ግን ለዛ የሚበቃ የቆየ ክለብ ስለነበራቸው ነው። እነሱም ጋ ጨዋታው በ1995 ፕሮፌሽናል ከሆነ በኋላ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አራቱ ፕሮቪንሶች (የክፍለ ሀገር ቡድኖች) ሄዱና የክለቡ ሜዳ ላይ ተመልካች ሳሳ። እናንተም ከላይ ፍራንቻይዝ (ከክለቦቹ በላይ የሚቋቋም ፕሮፌሽናል ቡድን) ምናምን የሚባል ነገር ሲመጣ ተጫዋቹ ለክለቡ በስንት ጨዋታ እንደሚለቀቅ በጽሁፍ ተዋዋሉ።

የሴቶቹን ውድድር ደግሞ በኋላ እንጨምራለን አትበሉ። በዛው ቀን፣ በዛው ሜዳ፣ ከወንዶቹ በፊት ይጫወቱ፣ አምቡላንሱና ሜዳው እንደሆነ ተከፍሎበታል። ቁጥሩ ካልሞላ በባለ 10 ይጀምሩ።

ሲዝኑ እንዳለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክለቦቹን ሰብስቡ፣ ዋንጫው ገና ሲሰጥ ስሜቱ ሳይበርድ። አንድ ወረቀት ብቻ አሳትሙ፣ በግራ የታቀዱት ጨዋታዎች፣ በቀኝ የተካሄዱት፣ ያልተካሄደው እያንዳንዱ ጎን ምክንያቱ፣ ፕሮፕ፣ ዳኛ፣ መኪና፣ ብር፣ ዝናብ። በብዛት የተደጋገመው ምክንያት የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ስራችሁ ነው። ከዛ የሚቀጥለውን ሲዝን የመጀመሪያ ቅዳሜ ቀን ቆርጣችሁ ሁሉም ቡድን መሪ ሳይፈርም በሩን አትክፈቱ።